በአርባ ወይስ በሰማንያ

ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። የመጨረሻዋ ልጄ የበኩር ልጇን የተገላገለችው በዚህ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የማውቀው ከማዋለጃው ክፍል ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ተቀምጬ ስለ ነበር ነው። አዋላጇ በሩን ከፍታ ወጣችና «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች። እኔና አማቼ፣ የልጄ ባል፣ እኩል ተነሣን።

«ምንድን ነው?» አላት አማቼ።

«እናትየዋ ደህና ናት።»

«እሱማ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁስ?»

«ሕፃኑም ደህና ነው። ዶክተሯ ታነጋግራችኋለች» አለችና ዐይናችንን ሳታይ ተመልሳ ገባች።

አማቼ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ዜና ማቆየት አይሆንለትም። ከወራት በፊት በአልትራሳውንድ «ወንድ ነው» ተብሎ ስለ ነበር የአዋላጇን ዝምታ እንደ ማረጋገጫ ወሰደው። ስልኩን አውጥቶ «ወንድ! ወንድ ነው ስልህ!» እያለ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲደውል ነው ዶክተሯ ያስጠራችን።

ዶክተሯ በዕድሜ ከልጄ ብዙ አትበልጥም፤ ግን ቃል የምትመርጥ ሰው ነበረች። «ሕፃኑ ጤነኛ ነው» ብላ ጀመረች። «ነገር ግን ወንድ ነው ወይም ሴት ናት ብዬ ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም። አካሉ ከሁለቱም አለው። ደሙን እንመረምራለን፤ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ካለ እንደርስበታለን። ከሌለ ግን ምንም አታስነኩ፤ አትቸኩሉ። አድጎ ስለ ራሱ የሚናገርበት ጊዜ ይመጣል።»

አማቼ በእጁ የያዘውን ስልክ አየ። በመጨረሻ የተናገረው «ስንት ሰው ጋ ደውያለሁ እኮ» የሚል ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ሕፃኑን «እሱ» የምለው ቋንቋችን ሌላ ስላልሰጠኝ ብቻ ነው። አንባቢ ከዚህ የዘለለ ትርጉም እንዳይሰጠው አሳስባለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎፋ ቤታችን ስንደርስ የሰፈሩ ሴቶች በር ላይ ተሰብስበው ይጠብቁን ነበር። ልጄና ባሏ የሚኖሩት በእኔው ግቢ፣ ከኋላ ባሉት ክፍሎች ነው። በእኛ ሰፈር ልማድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት፣ ቀልድ የማያልቅባት ጎረቤታችን የመኪናውን በር ይዛ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ወለደች?»

«ሰው ወለደች።»

«ኧረ ጋሼ! ጥጃ ትወልዳለች ብለን መች ጠረጠርን! ሦስት እንበል ሰባት? ጉሮሯችን እኮ ደረቀ!»

ሴቶቹ ሳቁ። የአማቼ እናት ምራታቸውን ሊያርሱ ከጎንደር መጥተው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸው በስልክ ምን እንደ ነገራቸው አላውቅም፤ ብቻ «ማርያም የወደደችውን በሉ» አሉ። ሴቶቹም ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ግማሾቹ ዝም አሉ፤ ግማሾቹ ቀጠሉ፤ የቀጠሉትም የቆሙትን ሲያዩ አምስተኛው ላይ አቋረጡ። «ኧረ ምን ነካን!» አለች ባለ ሱቋ። ልጄ ሕፃኑን አቅፋ ከመኪናው ሳትወርድ ይህን ሁሉ ሰማች። ወደ ቤት የገባችው አንገቷን ደፍታ ነው።

እልልታው ተረሳ፤ ክርስትናው ግን የሚረሳ አልነበረም። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ እየተባለ የሚነገረውን ሰምቶ ያላደገ በቤታችን የለም። ወንድ የክርስትና አባት ይኖረዋል፤ ሴት የክርስትና እናት። እናቲቱም ራሷ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የምትረግጠው ያው ቀን ሲሞላ ነው። እንግዲህ ዶክተሯ «አትቸኩሉ» ብትልም ቀን መቁጠሪያው በግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀን ነበር። ለልጄ ጉዳዩ የወግ ብቻ አልነበረም። ሕፃኑ ባነጠሰ ቁጥር «ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ» እያለች ከመኝታው ታነሣው ነበር።

የደም ምርመራው ውጤት በሳምንቱ መጣ። ለሕይወቱ የሚያሰጋ አንዳች ነገር አልተገኘም። እኔ ይህን እንደ ታላቅ የምሥራች ቆጠርኩት። የአማቼ እናት ግን «ታዲያ ምን ሆነ አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም አልሆነም» አልኩ።

«ምንም ካልሆነ ምን ሊባል ነው?»

በዚያው ዕለት ስለ ቀኑ ክርክር ተጀመረ። የአማቼ እናት ሰማንያ አሉ። «ወንድ ከሆነ ዘገየ እንጂ አልቀረበትም። ሴት ከሆነች ግን እናቷ አርባ ላይ ይዛት ስትገባ ደጁን ታረክሳለች። ሰማንያው ለሁሉም ይበቃል።»

«እማዬ፣ በሰማንያ ሲጠመቅ ያየ ሰው ምን ይላል? ሴት ናት ይላላ! ወንድ ወለድኩ ብዬ ቢራ የጋበዝኳቸው ሰዎች!»

«ቢራህን ይመልሱልህ!»

ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው ግን አማቼ ቁጣውን ወደ እኔ አዞረው። «አባባ ደግሞ ተዉት ይላሉ። እሺ እንተወው። ወንድ ነው ብለን አሳድገነው ነገ ወንድ ቢወድስ? ሴት ናት ብለን ሴት ብትወድስ? ያኔ ምን ተብለን ልንጠራ ነው?»

«የሳምንት ልጅ ከጡት በስተቀር የሚወደው የለም» አልኩት። ሳቅ የጠበቅሁበት ቦታ አልነበረም፤ ማንም አልሳቀም።

ይህን ንግግሩን ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ገና አንገቱን ያላቀና ፍጡር ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ፍቅሩ ከወዲሁ ተከሶ ቆመ። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዕፅዋትን መለየት ነው፤ ጡረታ እስክወጣም በዚሁ ሥራ ኖሬአለሁ። የደረቀ ቅጠልና አበባ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። በእጅህ ያለው መለያ መጽሐፍ በየእርከኑ ሁለት ምርጫ ያቀርብልሃል፤ ቅጠሉ ጠጉራም ነው ወይስ ልሙጥ? አበባው ተባዕት ነው ወይስ አንስት? አንዱን መርጠህ ወደሚቀጥለው ትወርዳለህ። የጽድ ተባዕቱና አንስቱ በየራሱ ዛፍ ነው ተብለን ተምረናል፤ ይሁንና ሁለቱንም የተሸከመ ጽድ በዐይኔ አይቻለሁ፣ ቅርንጫፉንም ቆርጬ አድርቄአለሁ። እንዲህ ያለው ሲገጥመን የምንጠረጥረው መለያውን ነበር። የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ባዩት ልክ ሠርተውታል፤ ያላዩት ሲመጣ ይታረማል። በዚያ ሁሉ ዘመን ቅጠሉ ከመለያው ጋር እንዲስማማ ብሎ በመቀስ የከረከመ ባልደረባ አላየሁም። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ኖሮ በማግስቱ ከሥራ በተባረረ። በሰው ልጅ ላይ ሲደረግ ግን ማስተካከል ይባላል።

ማስተካከል የሚለውን ቃል ይዞልን የመጣው አማቼ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም አነጋግሮ ተመለሰ። ፊቱ በርቶ ነበር።

«ትንሽ ማስተካከል ነው አለኝ፣ አባባ። ወንድ ማድረግ ከባድ ነው፤ ሴት ማድረግ ግን ቀላል ነው። እሺ፣ ሴት ትሁን። ግዴለኝም። ብቻ አንዱን ትሁን!»

አማቼን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው የደወለለትን፣ ያን ሁሉ የጋበዘበትን ወንድ ልጁን በአንድ ከሰዓት በኋላ አሳልፎ ሰጠ። ለካ ከመጀመሪያውም የፈለገው ወንድ ልጅ አልነበረም፤ «ምን ወለድክ?» ላለው ሁሉ የሚሰጠው አጭር መልስ ነበር። እናቱም ወዲያው ተስማሙ፤ ሕፃኑ ተቀድዶ እስኪሽር ሰማንያው ይደርሳል አሉ። ልጄ ብቻዋን «ቢላ አይነካውም» ብላ ጮኸች። «እንግዲያው ምን ይሁን?» ሲሏት ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እኔ መልስ ነበረኝ፤ እንዲሁ ይሁን። ይህ መልስ ግን በዚያ ቤት እንደ መልስ አልተቆጠረም።

ወሬው ግቢያችንን አልፎ ወጣ። የእድራችን ዳኛ በአክብሮት ባርኔጣቸውን አንሥተው መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ጋሼ፣ ሰማሁ። እግዚአብሔር ያበርታዎት። ግን እኮ እንዲህ ያለው ነገር እኛ አገር አልነበረም። ከፈረንጅ የመጣ ነው።»

«ከልጄ ማሕፀን ነው የመጣው።»

«አይ፣ ሐሳቡን ማለቴ ነው። አድጎ ራሱ ይናገር የሚሉትን።»

«እኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ካልነበረ ፍናፍንት የሚለውን ስድብ ለማን አዘጋጀነው? ይህንንም ፈረንጅ አወጣልን?»

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ድሮም የተማረ ሰውና እድር አይስማሙም» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያውቀኝ ሁሉ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ቆሞ ግን አያወራኝም።

ስድሳ ዓመት ያህል በቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን በር ገብቼ ከወንዶች ጋር ቆሜአለሁ፤ በለቅሶ ድንኳን ከወንዶች ወገን ተቀምጫለሁ፤ ሚስቴ ስትሞት እንባዬን እንደ ወንድ ውጫለሁ። ወንድ የሚለው ቃል ስለ አካሌ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ሕፃኑ በተወለደ በወሩ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር መሆኑን ተረዳሁ፤ የት እንደምቆም፣ ምን እንደምወርስ፣ ምን ያህል እንደማለቅስ፣ ማንን መውደድ እንደሚፈቀድልኝ። አካሉ ሰበብ ነው። ለአካሉ ቢሆን ኖሮ፣ ጤነኛ አካል ይዞ የመጣውን ሕፃን ማንም ቢላ ባልሳለለት ነበር።

አርባው ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ልጄ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሳሎን ተቀመጥን፤ እኔ፣ አማቼ፣ እናቱ፣ እና ልጄ ሕፃኑን ይዛ። የንስሐ አባታችን በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ እሳቸው ግን «ልጄ» ይሉኛል። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ። ከሁለቱም የሆነ ሰው ገነት በየትኛው ቀን ይገባል ብዬ ስጠይቃቸው አልተቆጡም። «አልተጻፈም አልልም፤ እኔ ግን አልተማርኩትም» አሉ። መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ልጄ፣ የታመመ ሕፃን ቀን አይጠብቅም። በሦስተኛው ቀንም፣ በሠላሳኛውም ይጠመቃል። እርስዎ የቤቱ አባት ነዎት። ታሟል ይበሉኝ፤ ነገ ማለዳ አጠምቀዋለሁ። ለሁለቱም የሚሆን የክርስትና ስም አላጣም። የቀረውን ለእኔ ይተዉት።»

ልጄ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ። መውጫ በር ተገኘ። አርባም ሰማንያም ሳይባል፣ ወንድም ሴትም ሳይባል ሕፃኑ ይጠመቃል። አማቼ ከእናቱ ጋር ተያየ። እሱም በተከፈተው በር በፍጥነት ነው የገባው።

«ልክ ነው፣ አባታችን፤ ታሟል» አለ። «እኔም እኮ ይህንኑ ነው የምለው። ሐኪሙም ቤተሰቡ የሕፃኑን መታመም አምኖ ይምጣ ብሎኛል።»

ሁሉም እኔን ጠበቀ።

«አልታመመም» አልኩ።

«አባዬ» አለች ልጄ።

«ዶክተሯ ጤነኛ ነው ብላለች። ደሙ ጤነኛ ነው ብሏል። አልታመመም።»

«አባዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት! አባታችን ራሳቸው ይበሉ እያሉህ?»

«ባልሽ የሚፈልጋት ቃል እሷ ናት። ዛሬ ለጥምቀቱ ታሟል ብለን፣ ነገ ለቢላው አልታመመም ልንል ነው?»

«ነገን ነገ እከላከላለሁ! ዛሬ ይጠመቅልኝ!»

የንስሐ አባታችን ሕፃኑን ባርከው ተነሡ። በሩ ላይ «ያስቡበት፣ ልጄ» አሉኝ። አሰብኩበት። እስከ ዛሬም አስቤበት የምደርሰው እዚያው ነው፤ በዚያ ሕፃን እጅ ከአንድ ነገር በስተቀር መከላከያ አልነበረም፤ እሱም ጤነኛ መሆኑ ነው። እሱን ደግሞ የገዛ አያቱ ሊነጥቀው አይገባም ነበር። ዛሬም ቢጠይቁኝ አልታመመም እላለሁ።

እንግዶቹ ሲበተኑ ልጄ ሕፃኑን እንዳቀፈች ፊቴ ቆመች። «አንተ እውነትህ እንዳትጎድልብህ ነው እንጂ ለእኔ ልጅ ብለህ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ምግቤን የምታቀርብልኝ የአማቼ እናት ሆኑ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ፣ አይሱዙ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። ልጄና ባሏ ፉሪ አካባቢ አዲስ ከተሠሩት ሕንፃዎች በአንዱ ቤት ተከራይተዋል። ለእኔ ያልተነገረኝ እኔ ብቻ ስለማልሄድ ነው፣ እንደ አማቼ አባባል። አልጋው ተጫነ፤ ቁም ሣጥኑ ተጫነ። የአራስ ዕቃ ሲወጣ ባለ ሱቋ ጎረቤታችን ከማዶ ሆና «አራስ ሳትወጣ ቤት ይቀየራል እንዴ?» አለች፤ በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ልጄ ጋቢናው ውስጥ ገብታ መስታወቱን ዘጋች። ብርድ ነው ብላ ይሆናል።

ታኅሣሥ 14 አርባው ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ነጭ ለብሼ ደብራችን ሄድኩ፤ በክርስትና ቤቱ በር ቆሜ የሚገቡትን እናቶች አንድ በአንድ አየሁ። ጥር 24 ሰማንያው ነበር። በዚያም ቀን እንዲሁ አደረግሁ። የንስሐ አባታችን ሁለተኛው ጊዜ ላይ አይተውኝ መጡ። «ወደ እኔ አልመጡም» አሉኝ። ሌላ የሚሉት ያላቸው ይመስል ነበር፤ ግን ሰው ጠራቸው።

ከጎፋ ፉሪ ሩቅ አይደለም። እስከ ፋሲካ ግን አልተጠራሁም፤ ሳልጠራ መሄድ ደግሞ አልለመድኩም። በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ግን ያልለመድኩትን አድርጌ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ገና መደገፊያ አልገባለትም። በሩን የከፈተችው ልጄ ራሷ ናት። ከስታለች።

«ግባ» አለችኝ። «ግን አትጠይቀኝ።»

ገባሁ። አማቼ ሱቅ ነበር፤ እናቱ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ሻይ አመጣችልኝ፤ ሳልጠይቃት ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከብዷል። መነጽሬን ያዘና ሳበ፤ ስከለክለው ሳቀ። ቢጫ ሹራብ ለብሷል። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ እንግዲህ ተጠምቋል። ጆሮው አልተበሳም፤ ይህ ግን ምንም አይነግርም። ልጄ አብረን በነበርንበት ሰዓት ሁሉ «ሆዴ» ከማለት በስተቀር በሌላ አልጠራችውም። ስሙን ከእኔ እየደበቀች መሆኑን ተረዳሁ፤ መብቷም ነው አልኩ በልቤ።

ወንድ ነው ወይስ ሴት ብዬ የምጠይቅ ሰው አልነበርኩም። እሱን እሷም ታውቃለች። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ደረቴ ላይ ተለጥፎ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል፣ ሙቀቱ በሸሚዜ ውስጥ ሲያልፍ፣ አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። «ቢላ ነክቶታል?»

ስኒውን ቁጭ አደረገች።

«አንተም ገልጠህ ማየት ነው የምትፈልገው» አለች። «እንደ እነሱ።»

«እኔ የምጠይቀው—»

«አውቃለሁ የምትጠይቀውን። ሁሉም ለደግ ነው የሚጠይቀው። ዶክተሯም ለደግ፣ አማቴም ለደግ፣ አንተም ለደግ። ከተወለደ ጀምሮ ዳይፐሩን እንጂ ፊቱን ያየልኝ ሰው የለም።»

መጥታ ሕፃኑን ከደረቴ ወሰደችው። ነቃ፤ አለቀሰ። ጀርባዋን ሰጥታኝ በመስኮቱ በኩል ቆማ ታባብለው ጀመር። ባርኔጣዬን ይዤ ወጣሁ። ግድግዳውን እየተደገፍኩ ወረድኩ፤ ልቅሶው ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ተከተለኝ።

ሳይፈታ የቀረው ይህ ነው። ሕፃኑ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ደብር እንደ ተጠመቀ አላውቅም። ቢላ እንደ ነካው ወይም እንዳልነካው አላውቅም። ከልጄ ጋር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም።